አንዲት የመቀነስ ምልክት

ከዚህ በታች ከምጽፈው አንዲት ቃል ውሸት ብትሆን ምላሴ ይቆረጥ፤ ጣቴም ይጨመርበት፣ የምጽፈው በእሱ ነውና። በሬ ወለደ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ከእነሱ አይደለሁም፤ እኔ በሬው ሲያምጥ አጠገቡ የነበርኩ ሰው ነኝ።

ሥራዬ የሳተላይቶችን ምሕዋር ማስላት ነው። ሳተላይት ሰማይ ላይ ዝም ብሎ የሚዞር ይመስላችኋል። አይደለም። ፀሐይ በብርሃኗ ትገፋዋለች፣ ጨረቃ ትጎትተዋለች፣ የምድርም ጎባጣነት ያንገጫግጨዋል። ይህን ሁሉ ደምሬ ቀንሼ ነገ በዚህ ሰዓት የት እንደሚገኝ በሳንቲሜትር የምናገር እኔ ነኝ። አንዳንዱ ሳተላይት እኔን ሳያማክር አይታጠፍም ይባላል። ማን እንዳለው አሁን ትዝ አይለኝም፤ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ስሌት ግን ካልተለካ ወሬ ነው። የሚለካልን ጋሼ ሰከንድ ነበር። ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን፤ ሰው ግማሽ ቀን ቢያስጠብቀው የማይቆጣ፣ ሰዓቱ በሰከንድ ቢሊዮንኛ ብትዛነፍ ግን ምሳ የማይቀምስ ሰው ነው። ከቢሯችን ጀርባ ኮረብታው ላይ ጣሪያዋ የሚንሸራተት ክፍል አለች። እዚያ ሆኖ የሌዘር ብርሃን ወደ ሳተላይቱ ይተኩሳል፤ ብርሃኑ ሳተላይቱ ላይ ከተለጠፉት መስታወቶች ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለካል፤ ከጊዜው ርቀቱ ይገኛል። ቴሌስኮፑን ብሎን በብሎን የገጣጠመው እሱ ነው። ሚስቱ «ጣውንቴ» ትለው ነበር ቴሌስኮፑን።

አንድ ዓመት ቴሌስኮፑ የቆመበት ሲሚንቶ ተሰነጣጠቀና አዲስ መሠረት ተሠራለት። በዚህም ከቀድሞው ቦታው አራት ሳንቲሜትር ተኩል ከፍ አለ። ይህችን ቁጥር የስሌቱ ፋይል ውስጥ ማስገባት የእኔ ድርሻ ነበር፤ አስገባኋት። የዚያን ቀን ቢሮዬ እንግዶች ነበሩ፤ ጨረቃን እንዴት አድርጌ መስመር እንዳስያዝኳት እየተረክሁላቸው በአንድ እጄ ነው የጻፍኩት። መደመር የነበረባትን ቀንሼ።

ሳምንት ሳይሞላ የጋሼ ልኬት ከእኔ ስሌት በዘጠኝ ሳንቲሜትር ያጥር ጀመር። ለእናንተ ኢምንት ነው። የእኛ ሳተላይት ግን የባሕር ከፍታ የሚለካ ነው፤ እኛ አንድ መዳፍ ከተሳሳትን ባሕሩ ወረቀት ላይ አንድ መዳፍ ያብጣል። ሰኞ ጠዋት አለቃችን ሁለታችንንም ጠራን።

«ስሕተቱ የማን ነው?» አለ።

«የእኔ ስሌት ከተዛነፈ ፀሐይም በምዕራብ ትወጣለች» አልኩ። «የጋሼ ሰዓት ሳታረጅ አልቀረችም። ባለቤቷም እንደዚያው።»

አለቃው ሳቀ። ጋሼ አልሳቀም።

«አንተ ጉረኛ፣ እስኪ ስማኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ልዩነቱ ሳተላይቱ አናታችን ላይ ሲሆን ነው ዘጠኝ የሚሞላው። ወደ አድማስ ሲወርድ እየሟሸሸ ይሄዳል። የሰዓቴ ጥፋት ቢሆን የትም ዞሬ ብለካ እኩል ይሳሳት ነበር። ሰዓት ቀና ብሎ አያይም። ይሄ የከፍታ ነገር ነው፤ ያቺን ቁጥር እያት።»

«አያታለሁ» አልኩ።

አየኋትም። ጠረጴዛዬ ጋ ተመልሼ ፋይሉን ስከፍት ከአራት ተኩል ፊት የመቀነስ ምልክቷ ጋደም ብላለች። ዘጠኝ የአራት ተኩል እጥፍ መሆኑን የአንደኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል፤ የሰማዩ ሊቅ ግን ሳምንት ፈጀበት። ፊቴ ተቃጠለ። ፋይሉን ዘጋሁት። ነገ አልኩ።

ማክሰኞ በር ላይ አገኘሁት።

«አየሃት?» አለኝ።

«እያየኋት ነው ጋሼ። ከባድ ስሌት ነው።»

«አንድ ቁጥር ናት እኮ።»

«አንድ ቁጥርም ትከብዳለች» አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ፈገግ አለልኝ።

ሐሙስ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ነበር፤ ጋሼ ከቴሌስኮፑ ይነሣ ወይስ ይቆይ። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ተነሣሁ። ጠረጴዛውን ስመታው ብርጭቆዎቹ ዘለሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይህን ሰው ከምትነኩት እኔን በቁሜ ቅበሩኝ» አልኩ። አለቃው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። አርባ ሰው ቆሞ አጨበጨበ፤ ስድሳም ይሆናል። ጋሼ አቅፎኝ «ልጄ» አለኝ።

ግን ክብሩ አንዴ ተነክቷልና በገዛ እጁ መልቀቂያ አስገባ። ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ እምቢ አለ። ጸጸቴ ይህ ነው፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ መዘግየቴ። አሁን ክፍሏን የያዘው ሰው ጎበዝ ነው። ጣሪያዋን ሲከፍታት ግን ያንጓጓታል። ጋሼ የተኛ ሕፃን ያለባት ይመስል ቀስ አድርጎ ነበር የሚገፋት። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከመስኮቱ ዞር እላለሁ።

ይህን ጽሑፍ ለመሥሪያ ቤታችን መጽሔት ከማስረከቤ በፊት ፊደል እንድታርምልኝ ለመዝገብ ቤቷ እትዬ ሰጠኋት። በዚያ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የያዘችው እሷ ናት። እስከ መጨረሻው አነበበች። ሁለት ፊደል አረመች።

«ጥሩ ጽፈሃል ወንድሜ» አለች።

«ታዲያ ምነው ፊትሽ?»

«ስድስት ሰው ነበርን። ብርጭቆም አልነበረም።»

«እሱ ማጣፈጫ ነው እትዬ።»

«አልተነሣህም። አስተያየት አለህ ወይ ሲሉህ ‹የለኝም› አልክ። እንደዚያው ነው የጻፍኩት።» እስክሪብቶዋን ከደነች። «ጋሼም መልቀቂያ አላስገባም። የተነሣበትን ደብዳቤ የተየብኩት እኔ ነኝ። ምልክቷንም ያገኛት እሱ ነው፤ ከሄደ በኋላ፣ ቤቱ ሆኖ በእጁ አስልቶ። ወረቀቱን ሲያመጣልኝ በቦታው ሰው ተተክቶ ነበር። ‹ቁጥሯን ብቻ ያስተካክሏት› አለኝ። ‹ማን እንደጻፋት ግን አታንሺ፤ ልጆች አሉት።›»