አረንጓዴ ሽበት
ልብስ ሰፊዋ ከጓሮዋ ሣር ጋር ስትታገል ብዙ ዓመት ኖራለች። የጎረቤቱ ረጅም ግንብ ፀሐዩን ስለሚጋርድባት፣ ሣሩ ገና ብቅ ሲል ቢጫ ይሆንባታል። ባሏ ግንበኛው ታሞ አንደበቱ ከተያዘ ወዲህ ግን ነገሩን ተወችው። አንድ ከሰዓት፣ ራሱ ባነጠፈው ድንጋይ መሐል የበቀለችውን ለስላሳ አረንጓዴ ነገር፣ የድንጋይ ሽበት የሚሏትን፣ በእግሩ ጣት ሲዳብስ አየችው።

«እንዲህ ደስ ካለችህማ ላብዛልህ» አለችው።

ከቦይ ዳር፣ ከአሮጌ ግንብ ሥር እየፋቀች አመጣች። እንደ ቁራጭ ጨርቅ ገጣጥማ ለጠፈቻት፤ በባዶ እግሯ ረገጥ ረገጥ እያደረገች ከአፈሩ ጋር አዋደደቻት። የቧንቧ ውሃ አልስማማት ሲል ከጣሪያ አሸንዳ ያጠራቀመችውን ዝናብ ታርከፈክፍላታለች። የረገፈውን ቅጠል በመርፌ ትለቅማለች።

«ሰው ሽበት ይነቅላል፣ አንቺ ትተክያለሽ!» እያለች ጎረቤቷ ትስቃለች። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ።

በሦስተኛው ዓመት ጓሮው የረጋ ሐይቅ መሰለ። ድምፅ እንኳ የሚሰምጥበት ይመስል ነበር። ባልና ሚስት ጫማቸውን አውልቀው፣ አንድ ሕልም ለሁለት እንደሚያልሙ ሁሉ ዝም ብለው ይውሉበታል።

አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ አድርሳ ስትመለስ የበረኪና ሽታ ከበሩ ተቀበላት። ጓሮ ስትደርስ ድንጋዩ እንደ አጥንት ነጥቷል። አልፎ አልፎ ብቅ የምትለው ነርስ ልጇ የሽቦ ብሩሽ ይዛ ቆማለች።

«አባባን እንዳያንሸራትተው ብዬ ነው እማዬ። በሥራዬ ስንት የተሰበረ ዳሌ አያለሁ መሰለሽ! እሱ ግን ምን እንደነካው እንጃ፤ ተነስ ብለው፣ ብለምነው፣ ንቅንቅ አልል አለኝ።»

ግንበኛው ጥግ ላይ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ባዶ እግሮቹን ዘርግቶ ተቀምጧል። ከሥሩ የብርድ ልብስ ስፋት የምታህል አረንጓዴ ተርፋለች።

ልትቆጣ አፏን የከፈተችው እናት ባሏን ስታይ ሳቋ አመለጣት። «አባትሽ እኮ ሲጮኽብሽ ነው የዋለው፤ አልሰማሽውም እንጂ።»

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። «ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ጫማሽን አውልቀሽ ታውቂያለሽ እንዴ?»

አወለቀች። አባቷ እጇን ስቦ ከጎኑ አስረገጣት። «ውይ!» አለች፤ ሌላኛውንም እግሯን አስከተለች።

በረኪናው እስኪታጠብ አንድ ክረምት ጠበቁ። ከዚያ ከተረፈችው እየቆረሱ ተከሉ። ግንበኛው በጣቱ እያመለከተ፣ ልጁ እየደረደረች፣ የማያንሸራትት የድንጋይ መንገድ በመሐሉ አወጡ።

አሁን ልጅቷ እረፍት ባገኘች ቁጥር ትመጣለች። ባለፈው ሳምንት ውሃ ስታርከፈክፍ ቆይታ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ይዟት ሄደ። እናቷ የመርፌ ሥራዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ አባቷ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ፣ የሥራ ሰዓቷ እስኪደርስ ድረስ አንዳቸውም አልቀሰቀሷትም።