ዊኒ የተከለከለችው ውሃ

የባንክ ጎዳና መዋኛ ስሙ ሲነሳ የከተማችን ሰው ፊቱ ይፈካል። እኔን ግን ደሜን ያፈላዋል። ስልሳ ዓመት አለፈው፤ አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

በዚያን ጊዜ በእኛ ሰፈር ቤቱ ውስጥ መታጠቢያ ያለው ሰው አልነበረም። እንግሊዝ አገር፣ ላንክሻየር ውስጥ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ኑሮው እንደዚያ ነው። ዓርብ ከሥራ መልስ አባቶቻችን ፎጣቸውን ጠቅልለው፣ ከመዋኛው ጎን ባሉት ጠባብ ክፍሎች ገላቸውን ይታጠባሉ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ገንዳው የእኛ የልጆች ነው። ነጭና አረንጓዴ ሸክላ፣ ዓይን የሚቆጠቁጥ ክሎሪን፣ የመስታወቱን ጣሪያ እየመታ የሚመለስ ጫጫታ። እናቴ በሱፍ ክር የሠራችልኝ የዋና ልብስ ውሃ ሲጠጣ እየተጎተተ ጉልበቴ ጋ ይደርሳል። ስንወጣ ከንፈራችን ጠቁሮ፣ ጣታችን ተጨማዶ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ የድንች ጥብስ እየተሻማን ወደ ቤት እንሄዳለን።

ታናሽ እህቴ ዊኒ ግን አንድም ቀን አብራኝ ገብታ አታውቅም። ሦስት ዓመቷ ላይ ፖሊዮ ይዟት ቀኝ እግሯ ሰልሏል፤ የምትራመደው ከጭኗ እስከ ጫማዋ በታሰረ ብረት ነበር። በሽታው ግን ከለቀቃት ቆይቷል። ጤነኛ ልጅ ነበረች፤ ምላሷማ ከማንም እግር ይፈጥናል። አንድ የሰፈር ልጅ አካሄዷን እያስመሰለ ሲያሾፍባት፣ "አንተ ሁለቱም እግርህ ደህና ሆኖ የት ደረስክበት?" ብላ ሰፈሩን አስቃበታለች።

ሰባት ዓመት ሲሆናት የሆስፒታሉ ዶክተር እናቴን፣ "ውሃ ውስጥ ያስገቧት። ሰውነቷ የሚጠነክረው እዚያ ነው" አላት። እናቴ ኤድና በደስታ ያንኑ ሳምንት ክር ገዝታ የዊኒን የዋና ልብስ ሠራች። ቀይ ነበር። ዊኒ ለብሳው ካልተኛሁ ብላ አስቸገረች።

ቅዳሜ ሦስታችንም ሄድን። በሩ ላይ የመዋኛው ኃላፊ ሚስተር ሰግደን ነጭ ኮቱን ለብሶ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። እኔን አሳለፈኝ። ዊኒን ሲያይ እጁን ዘረጋ።

"ይቺ አትገባም።"

"ምነው ሚስተር ሰግደን?" አለች እናቴ።

"ምክንያቱንማ አንቺው ታውቂዋለሽ። ብረቱን እያየሁት።"

"ዶክተሩ እኮ ነው ያዘዘላት። በሽታው ከለቀቃት አራት ዓመት ሆነው፤ ወደ ማንም አይተላለፍም። ካላመኑኝ እሱን ይጠይቁት።"

"ዶክተሩ መዋኛ የለውም፤ እኔ አለኝ። ይህን እግር ያየ ወላጅ ልጁን ይዞ ነው የሚመለሰው። ዞር በይ፣ ሰው አታስቁሚ።"

ከኋላችን ሰልፍ ነበር። ከሰልፉ ውስጥ ሂልዳ ክሌግ ነበረች፤ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን። ልጇ ኖርማ ስትወለድ አጠገቧ ያደረችው፣ ጨርቋን ያጠበችው፣ ሕፃኗን መጀመሪያ የታቀፈችው እናቴ ናት። ያቺ ሂልዳ ኖርማን በክንዷ ስባ ወደ ኋላዋ ደበቀቻት። ከዚያ ማዶ ወደ ቆመች ጓደኛዋ ዞራ ድምፅ ሳታወጣ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

የሽመና ማሽን ጩኸት ጆሮ ስለሚደፍን የፋብሪካ ሴቶች የሚነጋገሩት በከንፈር ነው። ከአዳራሽ ጫፍ እስከ ጫፍ ሐሜት ይቀባበላሉ። ሂልዳ በንዴቷ ይሁን በፍርሃቷ፣ እናቴም ሸማኔ እንደሆነችና ያንኑ ቋንቋ እንደምታነብ ረሳችው፤ እኔም ከእናቴ ተምሬዋለሁ።

"ልጆቻችንን ልትጨርስብን ነው እንዴ?" ነበር ያለችው።

እናቴ የዊኒን እጅ ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች። መንገድ ላይ ዊኒ፣ "እማዬ፣ ውሃው አልቆ ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

አባቴ ክሊፎርድ ነገር የማይወድ ሰው ነው። "ተዪው ኤድና" አላት። "ከእነዚህ ሰዎች ጋር ግብግብ ምን ይጠቅመናል?"

"ያንተ ልጅ አይደለችም?"

"ልጄማ ናት። ለዚህ እኮ ነው ተዪው የምልሽ። ነገ ደግሞ ሌላ ስም ያወጡላታል።"

አልተወችውም። ስለ መዋኛው የሚወስነው የከተማው ምክር ቤት አባል ቤት ድረስ ሄደች። እኔም አብሬያት ነበርኩ። ሰውየው ከምሳ ተነስቶ፣ የናፕኪኑን ጫፍ ከአንገቱ ሳያወጣ በሩን ከፈተ። ወደ ውስጥ ግቡ እንኳ አላለንም።

"ገንዳው ይቅርባት" አላት። "ከፈለግሽ በገላ መታጠቢያው ክፍል ሙቅ ውሃ ይሞላላትና ለብቻዋ ትዘፍዘፍ።"

"ልጄ አተር ናት እንዴ የምትዘፈዘፈው?" አለችው እናቴ።

በሩን ዘጋብን።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የትምህርት ቤቶች የዋና ውድድር ሆነ። እኔም ለትምህርት ቤቴ እዋኛለሁ። ከገንዳው በላይ ያለው ሰገነት በወላጅ ተሞልቷል፤ የፋብሪካው ሙዚቀኞች ይነፋሉ፤ የምክር ቤቱ ሰው ሚስት ትልቅ ባርኔጣ አድርጋ ከሽልማቱ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣለች። አንዱ ውድድር አልቆ ትንንሾቹ ገና ከውሃው ሲወጡ፣ የእኛ ተራ ሊደርስ ሲል፣ በዋናው በር እናቴ ገባች።

የእሑድ ቡናማ ኮቷን ለብሳለች። ዊኒን በቀይ የዋና ልብሷ ታቅፋታለች፤ ብረቱን አውልቃላታለች። የራሷን ጫማ አወለቀች፤ ጎን ለጎን አስተካክላ አስቀመጠችው። ከዚያ ከነኮቷ ደረጃውን ይዛ ወደ ውሃው ወረደች።

መጀመሪያ አንዳንዱ ሳቀ። ከዚያ ጩኸቱ ቀለጠ። "ሺላ፣ ውጪ! ከውሃው ውጪ አልኩሽ!" እናቶች ልጆቻቸውን በክንዳቸው እየጎተቱ ያወጣሉ። ሰግደን ፊሽካውን እየነፋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጣል። አፍታ ሳይቆይ ገንዳው ባዶ ሆነ።

እናቴ ዋና አትችልም። ውሃ ትፈራለች፤ ባሕር ዳርቻ ሄደን እንኳ ከቁርጭምጭሚቷ አልፋ ገብታ አታውቅም። ግን ውሃው ደረቷ ጋ እስኪደርስ ገባች፤ መዳፏን ከዊኒ ጀርባ ሥር አደረገች።

"ተንጋለዪ። ይዤሻለሁ።"

ዊኒ ተንጋለለች። በዙሪያዋ አየች። "እማዬ፣ ኮትሽ እኮ እየዋኘ ነው!" ብላ በሳቅ ፈነዳች።

መምህሬ ትከሻዬን ያዘችኝ። "ማቪስ፣ አንቺ እዚሁ ቁሚ!"

እጇን አስለቅቄ ዘለልኩ። ዋኝቼ አጠገባቸው ደረስኩና የዊኒን እግር ደገፍኩ።

"ውጪ!" ይላል ሰግደን ከዳር ሆኖ። "ፖሊስ ነው የምጠራው!"

"ጥራ!" አለችው እናቴ። ከማሽን ጋር ስትጮህ የኖረች ሴት ናት፤ ድምጿ አዳራሹን ሞላው። "ጥራና የሰባት ዓመት ልጅ ውሃዬን ነካችብኝ በላቸው! እኔም እሰማለሁ!"

ከዚያ ቀና ብላ ሰገነቱ ላይ ሂልዳን ፈለገቻት። ስታገኛት ድምፅ አላወጣችም። በከንፈሯ ብቻ፣ ቀስ ብላ፣ "ልጅሽን መጀመሪያ የታቀፍኳት በእነዚህ እጆች ነው" አለቻት። እኔ አነበብኩት። ሰገነቱ ላይ ያሉት የፋብሪካ ሴቶችም ሁሉ አነበቡት። ሂልዳ አቀረቀረች። ነገር ግን ከእነዚያ ሴቶች አንዷ እንኳ አልተነሳችም። አንዷ እንኳ ልጇን መልሳ ወደ ውሃው አልላከችም። የሰግደንን ክፋት ልርሳው ብል እንኳ ይህን አልረሳውም።

ፖሊሱ መጥቶ እናቴን እጇን ይዞ አወጣት፤ ኮቷ ውሃ ጠጥቶ መራመድ አቅቷት ነበር። ሦስታችንም ዳግመኛ እንዳንደርስ ታገድን። ሰኞ ዕለት ገንዳውን ባዶ አድርገው ግድግዳውን በብሩሽ ፈተጉት። እህቴ የገባችበትን ውሃ ደፉት! ትምህርት ቤት ኖርማ ክሌግ፣ "በእናንተ ምክንያት መዋኛ ተዘጋብን" አለችኝ። ጠጉሯን ይዤ ጎተትኳት። ተገረፍኩ። አልቆጨኝም።

አባቴ ውሃው መደፋቱን የሰማው እራት ላይ ነው። ሹካውን አስቀመጠ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። እሑድ ዊኒን ትከሻው ላይ አድርጎ ፋብሪካው ጀርባ ወዳለው ኩሬ ወሰዳት። እሱ የፋብሪካው የእንፋሎት ማሞቂያ ሠራተኛ ነው፤ ማሽኑን ያቀዘቀዘው ውሃ የሚፈስሰው ወደዚያ ኩሬ ስለሆነ እሑድም ለብ እንዳለ ይቆያል። ላዩ ዘይት አለው፤ የድንጋይ ከሰል ይሸታል፤ መግባትም ክልክል ነው። "ማንም ቢጠይቅ አባቴ ነው ያመጣኝ በይ" አላትና ወገቧን በገመድ አስሮ ዋና አስተማራት። "ተዪው" የሚለውን ቃል ዳግመኛ ከአፉ አላወጣውም።

ተአምር አልሆነም። እግሯ እንደ ቀጠነ ቀረ። ግን ትከሻዋ ሰፋ፣ ጀርባዋ ቀና፤ በጋው ሳያልቅ ኩሬውን ወዲያና ወዲህ ታቋርጠው ጀመር። ሰግደን ጡረታ ሲወጣ ከተማው በእጀባ ሸኘው። እናቴ እስክትሞት በባንክ ጎዳና አላለፈችም፤ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ዞራ ነበር የምትሄደው።

አምና ሕንፃው ወደ መኖሪያ አፓርታማ ሊለወጥ ነው ተባለና ሰው ትዝታውን እንዲያወራ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተጠራን። ሻይና ኬክ ቀርቧል። የሰግደን ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አንዱ ስለ ድንች ጥብሱ ያወራል፣ ሌላው ስለ ሱፍ ልብሱ። ከዚያ የሂልዳ ልጅ ኖርማ ማይክሮፎኑን ተቀበለች።

"የማቪስ እናት ከነኮቷ የገባችበትን ቀን ታስታውሳላችሁ? በሳቅ ልንሞት ነበር!"

ሰዉ ሳቀ። አንዳንዱማ አጨበጨበ።

ተነሳሁ። ማይክሮፎኑን አልጠበቅኩም፤ የእናቴን ድምፅ ወርሻለሁ። ለምን እንደገባች ነገርኳቸው። በሩ ላይ የተባለውን፣ የተደፋውን ውሃ፣ በዘይት ውስጥ ዋና የተማረችውን ልጅ ነገርኳቸው። "ቀልድ አይደለም" አልኳቸው። "ከእናንተ ውስጥ እዚያ የነበረ አለ። ዝም ብላችሁ አይታችኋል።" ኬክ የያዘ እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ። ኮቴን አንስቼ ወጣሁ።

ኖርማ እየሮጠች በር ላይ ደረሰችብኝ።

"ማቪስ፣ እናቴ እኮ ፈርታ ነው። ወንድሟ በዚያው በሽታ ነው የሞተባት።"

ይህን አላውቅም ነበር። አዘንኩ፤ ሐዘኔም ከልብ ነው። ንዴቴን ግን አላነሳልኝም።

"እናቴም ፈርታ ነበር" አልኳት። "ግን ገባች።"

"ታዲያ ይቅር አትይንም?"

"እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ዊኒ በሕይወት አለች። ስልኳን ልስጥሽ?"

ኖርማ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ነገር መፈለግ ጀመረች። ከዚያ አውቶቡሷ መጣ፤ ስልኩን ሳትቀበል ገብታ ሄደች።

ቤቴ ገብቼ ለዊኒ ደወልኩ። ባሕር ዳርቻ ነው የምትኖረው፤ ጠጉር ቤት ነበራት፤ አሁን አርጅታ ጡረታ ወጥታለች። ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

"እስካሁን አልተውሽውም እንዴ?" አለችኝ።

"አልተውኩትም። አልተወውምም።"

"በቃ አንቺ ተናደጂልኝ፤ እኔን ደክሞኛል" አለች። "ስልኩን ልዝጋው፤ ባሕሩ ዛሬ ረጋ ብሏል፤ ሳይቀዘቅዝ ልግባ።"