ኒሻኑ የማን ነው?

ሃምሳ አለቃው ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የሚኖረው ከታናሽ እህቱ ጋር ነው። እሷም ዕድሜዋን በስልክ ማዞሪያ ጨርሳ ቤት የገባች ሴት ናት። እሱ የጦርነቱን ወሬ ሲያነሳ ጎረቤት ሁሉ አፉን ከፍቶ ይሰማዋል፤ እሷ ግን ከተጠየቀች "እኔማ ቁጭ ብዬ ገመድ ስሰካ ነበር" ብላ ታልፋለች።

ማክሰኞ ጠዋት ስልክ ጮኸ። ወንድሟ ቀድሞ አነሳው።

"ከሽልማት ኮሚቴው ነው። በጦርነቱ ጊዜ ለተሰጠው አገልግሎት ኒሻን ስለሚሸለም፣ ሐሙስ በሦስት ሰዓት..."

"አቤት! እንገኛለን!" አለና ለማን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ዘጋው።

ሁለቱን ቀን ቤቱ የጦር ሰፈር ሆነ። እሷ ኮቱን ተኮሰች፤ እሱ ጫማውን እስኪያብረቀርቅ ወለወለ፤ በኮሪደሩ ወዲያ ወዲህ እያለ አረማመዱን ተለማመደ።

"ጋሼ፣ ወለሉን ልታፈርሰው ነው እኮ!" እያለች ሳቀች። እንዲህ ደስ ብሎት ካየችው ቆይታለች።

ሐሙስ ጠዋት የሽልማቱ አዳራሽ በር ላይ ስም መዝጋቢዋ የሁለቱንም ስም ጠይቃ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"አባባ፣ እርስዎ የሉበትም። ተሸላሚዋ እሳቸው ናቸው፤ የስልክ ኦፕሬተሯ።"

እህትየው ክው አለች። "ተሳስታችኋል ልጄ፤ እኔ ጥይት ተኩሼ አላውቅ!"

መዝጋቢዋ ከወረቀቱ አነበበችላት፦ "ከተማው ሲደበደብ፣ የመስኮቱ መስታወት ረግፎ ሳለ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከማዞሪያው ሳይለዩ ሆስፒታሉን ከአምቡላንሶቹ ጋር ያገናኙ።"

የሃምሳ አለቃው ፊት ተለዋወጠ። እሷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

"ጋሼ፣ በቃ እንመለስ" አለችው ቀስ ብላ።

"ወዴት ነው የምንመለሰው? ያን ጊዜ ያልሸሸሽ ዛሬ ልትሸሺ ነው?" አለና እጇን ይዞ ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጣት።

ስሟ ሲጠራ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መድረኩ ወጣች። ኒሻኑ ደረቷ ላይ ሲሰካ ሃምሳ አለቃው ከመቀመጫው ብድግ አለና ቀጥ ብሎ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጣት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እሷም ሳቋና እንባዋ ተደባለቀባት።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"አንቺ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ አስወራኸኝና!"

ሃምሳ አለቃው ከት ብሎ ሳቀ። "በይ አሁን ጀምሪ፤ ከመጀመሪያው ቀን።"

ጀመረችለት። ወንድሟም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያቋርጣት ሰማ። አምስተኛውን ቀን ስትጨርስ ሾፌሩ ዞር ብሎ "የመጨረሻ ፌርማታ ነው፣ ውረዱ!" አላቸው። ሰፈራቸውን አልፈው ሄደዋል።

"ግድ የለም፣ በእግራችን እንመለሳለን" አለ ሃምሳ አለቃው፣ ክንዱን እየሰጣት። "ገና አራት ቀን ይቀርሻል።"