ሥጋ ሲቸኩል

ላሚቱን ማን አረዳት? ቢስሚላህ ተብሎባታል ወይስ በሥላሴ ስም? መስኡዳ ይህን ጥያቄ ከደሴ እስከ ሐይቅ ተሸክማ መጣች፤ መልስ የሚሆናት ግን አላገኘችም።

እናትና አባቷ የሞቱባትን፣ እሷው ያሳደገቻትን የልጅ ልጇን፣ የነጅዋን መንጋጋ የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ቦጭቆታል። ደሴ ሆስፒታል ዶክተር ጥሩሰው ከድዷ ሥር አንድ ስስ ሽፋን ሊያስገባላት ነበር።

«እማማ፣ ሥጋ ይቸኩላል፣ አጥንት ይዘገያል» አላት። «ይኼ ሽፋን ሥጋው እንዳይገባ ይከለክልና አጥንቱ ቦታውን እስኪሞላ ይጠብቅለታል። ከዚያ ራሱ ሟሙቶ ይጠፋል።»

«ከምን የተሠራ ነው?»

«ከላም ቆዳ። ታጥቦ የጸዳ ነው።»

«ማን ያረዳት ላም?»

ሐኪሙ ሳቀ። «ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ! በምን ልወቀው?»

መስኡዳ አልሳቀችም። በእነሱ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለቅሶው አንድ፣ ደስታው አንድ ነው፤ ቢላዋው ብቻ ነው የሚለየው። ለሰርግ ሁለት ሰንጋ ይታረዳል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል።

«ጠይቄ እስክመጣ ይቆየን» አለችና ነጅዋን ይዛት ተመለሰች።

«አንቺ ካልሽ፣ እናና» አለች ልጅቱ።

ጎረቤቷ አሰጋሽ ይህን ስትሰማ ጮኸች። «አንቺ ሴትዮ፣ ልትበላው ነው እንዴ?»

«አፏ ውስጥ አይደል የሚገባው?»

«እንግዲያ መርፌውንም ማን እንደሳለው ጠይቂያ!»

የምትጠይቃቸው የሰፈሩ ሸህ፣ ሸህ አብዱልሰመድ፣ አምባሰል ለቅሶ ሄደው ነበር። መስኡዳ ሌላ ሰው አላምንም ብላ ጠበቀቻቸው። ሲመለሱ ነገሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አብሽሪ፤ ለመድኃኒት አላህ መንገድ አያጠብም። ምን ያስቆይሻል? ነገውኑ ውሰጃት።»

በነጋው ጦርነቱ ዳግም አገረሸ፤ መኪና ጠፋ። ሐኪሙም ቁስለኛ ወደበዛበት ሄደ። ከወራት በኋላ አገር ረጋ ሲባል መስኡዳ ነጅዋን ደሴ ወሰደቻት። ጥሩሰው ድዷን በጣቱ ዳበሰ፤ አሁን አልሳቀም።

«ሥጋው ቀድሞ ገብቶበታል፤ የቀረው አጥንትም ሳስቷል። አሁን ሽፋኑ ብቻውን አይረዳትም። ከዳሌዋ አጥንት ወስዶ መትከል ይጠይቃል፤ እሱን ደግሞ እዚህ አንሠራም።»

አሰጋሽ ልጇን በዳረች ቀን ከዳሱ አንድ ሳህን ጥብስ ለመስኡዳ ቤት ላከች። «በእናንተው ቢላዋ ነው፤ ኑርዬ ነው ያረደው በይልኝ» ብላ ነበር ለመልእክተኛዋ።

መስኡዳ ደስ አላት። ሳህኑን ለነጅዋ አቀረበችላት።

«ብይ ልጄ፣ ሐላል ነው።»

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች። ነጅዋ ማኘክ የማትችለውን ሥጋ አየችው፣ አያቷን አየቻት። ከዚያ ሻሿን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ተነሣችና ከቤት ወጣች።