የኮረብታው ጣቢያ በር

ከኮረብታው ጣቢያ ጠዋት የምትመጣው መልእክት አጭር ናት፦ "የማሽን ክፍል በር ተከፍቷል።" ግድግዳውን የሞላው ስክሪን ላይ ከተደረደሩት አረንጓዴ ነጥቦች አንዷ ቢጫ ትሆናለች፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው የተረኛ ስልክ ያንቃጭላል፤ ራዲዮም ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ፣

"መጣልህ ባለበሩ! ተነስ እንግዲህ፣ እንደምን አደሩ በለው" ይላል።

ራዲዮ የተባለው አፉ ስለማያርፍ ነው። ስልኩን የሚያነሳው ጓደኛው ደግሞ ሲጠሩት እንኳ በዓይኑ ስለሚመልስ ዝምተኛው ይሉታል። የሁለቱ ሥራ ሰው ሁሉ በሰላም ስልኩን እንዲያወራ፣ ማሽኖቹን ሲጠብቁ መዋል ነው። ከተማ ውስጥም፣ ከከተማ ውጭም፣ በየማማው ሥር የተቀመጡ ማሽኖች በየደቂቃው ወደዚህ ክፍል "አለሁ" የምትል ምልክት ይልካሉ። አንዱ ዝም ካለ፣ ወይም ከልክ በላይ ከጋለ፣ ወይም ባትሪው ከወረደ፣ ሶፍትዌሩ ለተረኛው መልእክት ይሰዳል። ተረኛው "አይቻለሁ" የሚለውን ቁልፍ ካልተጫነ መልእክቱ ወደ ሁለተኛው ሰው ያልፋል፤ እሱም ካልተጫነ አለቃቸው ዘንድ ይወጣል። የአለቃቸው ስልክ የጮኸ ዕለት ታዲያ ክፍሉ ውስጥ ራዲዮም ቢሆን አይቀልድም።

የበር ነገር ግን ደንቡ ለብቻው ነው። የባትሪ ሌባ ስላስቸገረ፣ በር ሲከፈት ተረኛው ወዲያው ለጣቢያው ጠባቂ ደውሎ ማን እንደከፈተው መጠየቅ አለበት። ጠባቂው ክፍሉን ሊያጸዳ ሲፈልግ ቀድሞ ያሳውቃል፤ ተረኛው ጣቢያውን "ሥራ ላይ" ብሎ ይይዘዋል፤ መልእክትም አይመጣም። የኮረብታው ጠባቂ ግን ዝምተኛው ተረኛ በሆነበት ሳምንት ሁሉ ሳያሳውቅ ነው የሚከፍተው።

"ጣቢያ፣ እንደምን አደሩ። በር ተከፍቷል።"

"አዎ። እኔ ነኝ የከፈትኩት።"

"ማሳወቅ ነበረብዎ።"

"ረሳሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መቆጣጠሪያ።"

"ማሽኑ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው። እዚያስ ደህና?"

"ደህና። ሲጨርሱ በሩን ይዝጉት።"

"እዘጋዋለሁ። ብርድ ነው ዛሬ።"

"አዎ፣ ብርድ ነው።"

ስልኩ ይዘጋል። ነጥቧም ትንሽ ቆይታ ወደ አረንጓዴ ትመለሳለች።

"ሰውዬው ንቆሃል እኮ ወንድሜ" ይላል ራዲዮ። "በእኔ ሳምንት አንድም ቀን ሳይደውል ከፍቶ አያውቅም። 'ልጄ፣ ልከፍት ነው፣ ፍቀድልኝ' ብሎ እኔን እኮ እንደ ሚኒስትር ነው የሚለምነኝ። አንተን ግን ከቁብም አልቆጠረህ።"

ዝምተኛው ወደ ስክሪኑ ይዞራል። የኮረብታው ጠባቂ አባቱ መሆኑን በዚያ ክፍል የሚያውቅ አንድ ሰው የለም።

ድሮ እንዲህ አልነበሩም። የተለያዩት እናቱ በሞተችበት ቀን ነው። ያን ቀን መንገድ የሚቆፍር ማሽን ዋናውን ገመድ በጠሰው። ከገመዱ ወዲያ ያሉት ጣቢያዎች በሙሉ ባንዴ ዝም አሉ፤ ሶፍትዌሩም ለእያንዳንዱ ጣቢያ ለየብቻ መልእክት ላከ። የተበጠሰው አንድ ገመድ ነው፤ ስልኩ ላይ ግን በረዶ ነው የወረደው። ያን ጊዜ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው በየሰው የግል ስልክ ነበር። መጀመሪያ እያነበበ "አይቻለሁ" አለ። ቀጥሎ ሳያነብ "አይቻለሁ" አለ። በመጨረሻ የስልኩን ድምፅ አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ ወረወረውና ከስክሪኑ ጋር ተፋጠጠ። እህቱ የደወለችው ያኔ ነው። "እማዬ እየጠራችህ ነው፣ ቶሎ ና" ብላ የጻፈችውም "ጠፍቷል፣ ጠፍቷል፣ ጠፍቷል" በሚሉት መልእክቶች መሃል ተቀብሮ ዋለ።

ሲደርስ የእናቱ አስከሬን ከቤት ወጥቷል። አባቱ ባዶው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀና ሳይል፣

"ሽቦው ተቀጠለ?" አለው።

"ተቀጠለ" አለ ልጁ።

ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ያኝካታል። ምናለ ያን ጊዜ ምላሱ በተሳሰረ! ምናለ ዝም ብሎ እግሩ ሥር ቁጭ ባለ! ተጠየቀ፣ መለሰ፤ ልክ እንደ ሥራ። አባቱ ብድግ ብሎ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣለና ወደ ኮረብታው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል የቀረው ወሬ በር ተከፈተ፣ በር ይዘጋ ብቻ ነው። ድሮ "አንተ" ይለው የነበረውን አባቱን እንደማንኛውም ጠባቂ አንቱ ይለዋል። አባትየውም ያንኑ ይመልስለታል፤ ልጁን አንቱ ሲል ምሬት ይሁን ሹፈት ከድምፁ አይለይም።

አንድ ቀን አለቃቸው ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። ስትቆጣ ድምፅዋን የምትቀንስ ሴት ናት።

"በቀን ስንቱን ሳታዩ ነው 'አይቻለሁ' የምትሉት?" አለች። ሁሉም ወደየጫማው አጎነበሰ። "አትፍሩ፣ እኔም እንደዚያው ነኝ። ማስጠንቀቂያ ሲበዛ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ይቀራል። ሰው ተነስቶ የሚሠራው ነገር ከሌለ መልእክቱ ለምን ይመጣል? ይሄን ጫጫታ የሚያጸዳልኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

ዝምተኛው እጁን አወጣ። ራዲዮ በድንጋጤ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። "ይሄ ልጅ እጅ አለው ለካ!"

ጫጫታን እንደሱ የሚጠላ ሰው አልነበረም፤ እናቱን የበላበት ጫጫታ ነው። ሥራውን እንደ ጸሎት ያዘው። ዋናው ገመድ ሲበጠስ ከኋላው ያሉት ጣቢያዎች ዝም እንዲሉና ስለ ገመዱ አንድ መልእክት ብቻ እንዲመጣ አደረገ። ሙቀት ለቅጽበት ከፍ ብሎ ሲመለስ ሶፍትዌሩ እንዲታገስ፣ ከፍ ብሎ ሲቆይ ብቻ እንዲጮህ አደረገ። የሚሞት ባትሪንና የሚያንቀላፋ ባትሪን ለየ። እያንዳንዱን ባስተካከለ ቁጥር በልቡ "ይሄ ቢኖር ኖሮ የእህቴን ስልክ እሰማ ነበር" ይላል።

እንዲህ እንዲህ እያለ በሮቹ ዘንድ ደረሰ። እዚያ እጁ ትንሽ ዘገየ። ቀን ቀን ጠባቂ ስላለ፣ በር ከግማሽ ሰዓት በታች ቢከፈት ማንንም አያስነሳም፤ አእምሮው ይህን አወቀ። ደግሞም አሰበ፦ ሽማግሌውም ከጠዋት ወቀሳ ያርፋል። ደግሞም፣ ለራሱ እንኳ በግልጽ ያልነገረው ነገር፣ በገዛ አባቱ አንቱ እየተባሉ መዋል ታክቶታል። የሚፈልገኝ ከሆነ ቁጥሩ አለው፣ ይደውላል አለ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በር እንዳይጮህ አድርጎ ቁልፉን ተጫነና ወደ ቀጣዩ አለፈ።

ክፍሉ እፎይ አለ። ስልኩ ሲያንቃጭል ሰው ሁሉ ቀና የሚል ሆነ፤ ያንቃጨለ ነገር እውነት ነውና። አለቃቸው ሰው ፊት አመሰገነችው። "እግዜር ይስጥህ፣ ከሚስቴ ጋር አስታረቅኸኝ፤ እራት ላይ የተረኛውን ስልክ ማየት ተውኩ" አለው ራዲዮ።

ዝምተኛው ግን ጠዋት ጠዋት እጁ ወደ ስልኩ ይሄዳል። የኮረብታውን ነጥብ ያያታል፤ አረንጓዴ ናት። ሁልጊዜ አረንጓዴ ናት። ደውል ደውል ይለዋል፤ ግን ምን ብሎ? በር አልተከፈተ፣ ባትሪ አልወረደ። ያለ ምክንያት መደወልን ከየት ያምጣው?

በዝናቡ ወራት መጀመሪያ ላይ የክፍሉ ስልክ ጮኸና ራዲዮ ቀደመው።

"አቤት፣ መቆጣጠሪያ! ... እንዴ፣ ባለበሩ! በዚህ ሳምንት ጠፉብን እኮ አባቴ! ... አይ፣ መልእክት አልመጣም። ... ኖ ኖ፣ አልተበላሸም፣ እኛ ነን ያስተካከልነው። ከእንግዲህ እንደ ልብዎ ይክፈቱ፣ አይጮህም። ... ማን? እዚህ አንድ ልጅ አለ፣ ዝምተኛው የምንለው፣ እሱ ነው የሠራው። ጎበዝ ልጅ ነው። ... እሺ። እነግረዋለሁ። እሺ አባቴ።"

ስልኩን አስቀመጠ።

"ምን አለ?" አለ ዝምተኛው።

"'ጥሩ አድርጓል በለው' አለኝ። ምን ዓይነት ጨዋ ሰው ነው እባክህ።"

ያን ጊዜ ተነስቶ መልሶ መደወል ነበረበት። ስልኩ ገና የራዲዮ እጅ ሙቀት አለበት። ነገ እደውላለሁ አለ። ነገ ሲሆን ደግሞ በሳምንቱ መጨረሻ አለ። ሳምንቱ ሲያልቅ አንድ ትልቅ ማሽን ተበላሸ፤ የተበላሸ ነገር ሁልጊዜ ካልተበላሸው ይቀድማል።

ዝናቡ ሲያባራ አንድ ጠዋት የማያውቀው ድምፅ ደወለ።

"ጤና ይስጥልኝ መቆጣጠሪያ። ከኮረብታው ጣቢያ ነኝ። የማሽን ክፍሉን ላጸዳ ስለሆነ በር ልከፍት ነው።"

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"አዲሱ ጠባቂ ነኝ ጌታዬ።"

"የድሮውስ?"

"ጡረታ ወጥተው ከተማ ገቡ፤ ሴት ልጃቸው ዘንድ። ልክፈት ጌታዬ?"

"ይክፈቱ" አለ።

ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። ሲያንኳኳ እጇን በፎጣ እያደራረቀች ከፈተችለትና ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

"ምነው ጌታው? መንገድ ስተህ ነው?"

"ጡረታ ሲወጣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"'እንዳትነግሪው' አለኛ! ሥራ ይዟል፣ አታስቸግሪው አለኝ። እኔስ ሁለት ድንጋይ መሃል ገብቼ አለቅሁ። ግባ፣ ከኋላ በረንዳ ላይ ነው።"

አባቱ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ፀሐይዋን ይሸኛል። አጥሯል። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሚይዙት ነገር ያጡ እጆች። ልጁን ሲያይ ዓይኑ በራ፤ ወዲያው ግን ግንባሩ ተቋጠረ።

"ምን ተበላሸ?" አለው።

"ምንም አልተበላሸም፣ አባዬ።"

"ታዲያ?"

"እንዲሁ መጣሁ።"

"እንዲሁ!" አለ አባቱ፣ እንደ አዲስ ዕቃ ቃሉን እያገላበጠ። "ተቀመጥ እንግዲህ።"

አጠገቡ ተቀመጠ። ከጎረቤት ግቢ ሰው ምንጣፍ ሲመታ ይሰማል።

"የበሩን ነገር" አለ ልጁ በመጨረሻ፣ "አንተን ብዬ አይደለም ያጠፋሁት። መልእክት በዝቶ ነው። ሥራ የሌለው መልእክት እየተባለ..."

"አውቃለሁ። ልክ ነህ። ሥራ አልነበረውም።"

"ማሳወቁን ስትረሳ እኔም ቆጣ እያልኩ..."

አባቱ ሳቅ አለ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። "ረስቼ መስሎህ ነው? ጸጉሬ እስኪሸብት ጣቢያ ጠብቄ ማሳወቅ ይጠፋኛል? ለዚያ ለለፍላፊው ልጅ አንድ ቀን ሳላሳውቅ ከፍቼ አላውቅም። ካሳወቅሁ አንተ አትደውልማ።"

ልጁ ወለሉን አየ።

"እንዴት ልደውልልህ?" አለ አባቱ፣ ረጋ ብሎ። "በዚያ ቀን የማይሆን ነገር ተናግሬሃለሁ። አፌን ከፍቼ ይቅርታ ለማለት ደግሞ አልሆንልህ አለኝ። በሩ ግን ይቀላል። ልክፈተው፣ ድምፁን ልስማው፣ አንድ ቀን ወይ እሱ ወይ እኔ ሌላ ነገር እናወራለን አልኩ። ብርድ ነው እስከማለት ደርሼ ነበር እኮ።"

"አባዬ..."

"ድምፅህ ሲጠፋብኝ ጊዜ የበሩ ሽቦ የተበላሸ መሰለኝ። ከፍቼ ቆሜ ጠበቅሁ። ትንሽ አቆየሁት፣ በነጋታው ደግሞ ጨመር አደረግሁ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም፤ አቧራ ይገባል። ማሽኑ ምን በደለ?"

ልጁ ግማሽ ሰዓት የምትለዋን ልክ አሰባት። በገዛ እጁ የጻፋት ልክ ናት። አባቱ ትንሽ ብቻ ቢጨክን ኖሮ፣ አቧራው ገብቶ ማሽኑ ትንሽ ቢያስል ኖሮ፣ ስልኩ ይጮህ ነበር። ይህን ሊነግረው አፉን ከፈተና ተወው። ጥፋቱን ለሽማግሌ ማካፈል መሰለው።

"ኋላ ያ ልጅ የሠራው አንተ እንደሆንክ ነገረኝ" አለ አባቱ። "በቃ፣ መልሱ ይሄ ነው አልኩ። ደግ አደረገ አልኩ።"

"መልስ አልነበረም።"

"አሁን ገባኝ።" ጉልበቱን መታ መታ አደረገለት፤ እንደ ልጅነቱ። ግን እጁ ቶሎ ተመለሰች፤ ልማዷን የረሳች እጅ ናት።

ሊሄድ ሲነሳ ልጁ ስልኩን አወጣ። "ቁጥርህ የድሮው ነው? ጠዋት ጠዋት እደውላለሁ።"

"ቀፎውን ለእህትህ ልጅ ሰጠኋት፤ ትጫወትበታለች። ጆሮዬም እንደ ድሮው አይደለም፤ ፊቱን ካላየሁት ሰው የሚለውን አልለይም። ደግሞ ስልክ ምን ያደርግልኛል? የምከፍተው በር የለኝ።"

"እመጣለሁ እንግዲያው።"

"ና" አለ አባቱ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ፀሐይዋ መልሶ፣ "ሥራ ካልበዛብህ" ሲል ጨመረበት።

ይሄዳል። እረፍቱ ሲሆን ይሄዳል፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አባቱ ሁልጊዜ መጀመሪያ "ምን ተበላሸ?" ይለዋል፤ እሱም "ምንም" ይላል። ጮክ ብሎ መናገር ለሁለቱም አይሆንላቸውም፤ ስለዚህ ብዙውን አይናገሩትም። የሚነጋገሩት በኮረብታውና በከተማው መካከል ሽቦው ያመላልሰው የነበረውን ያህል እንኳ አይሞላም።

ከጉብኝቱ ማግስት ዝምተኛው የኮረብታውን በር ልክ ወደ ድሮው መልሶታል። በሩ በተከፈተ ቅጽበት እንዲጮህ አድርጎታል። አለቃቸው ምክንያቱን ስትጠይቀው "ለጥንቃቄ ነው" አላት፤ እሷም ከዚያ በላይ አልጠየቀችም።

አዲሱ ጠባቂ ግን ሥርዓት ያለው ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ይደውላል፣ ስሙን ይናገራል፣ ያስፈቅዳል፣ ከዚያ ይከፍታል። በሩ አንድም ቀን ጮኾ አያውቅም።