የጣት ርዝመት ሽቦ

የእህቴ ባል አሮጌ መኪናቸውን ሱቄ በር ላይ ያቆሙ ቀን፣ ገና ሳይወርዱ ነው የተናደድኩት። መጀመሪያ ሌላ መካኒክ ዘንድ አሳይተው፣ የአየር ማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር ሞቷል መባላቸውን አስቀድሜ ሰምቼ ነበር። ሃያ ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ የሠራሁ ሰው፣ የገዛ ቤተሰቤ ዘሎኝ ሄደ ብዬ አኮረፍኩ።

ጉዳዩ ግን የኩርፊያ አልነበረም። ታላቅ እህቴ ልቧ ደክሟል፤ ሐኪሙ ሙቀት እንዳያገኛት አጥብቆ አስጠንቅቋል። በማግስቱ ለሕክምና ሩቅ ከተማ ልትሄድ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ስድስት ሰዓት በበረሃ።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ፊውዙ ደህና ነው። ሪሌውም ይሠራል። ቴስተሬን ይዤ ሽቦውን ስከተል የማቀዝቀዣው ጋዝ ቱቦ ላይ ያለው ስዊች ጋ ደረስኩ፤ ኤሌክትሪክ ይገባል፣ አይወጣም። የዚህ ስዊች ሥራ አንድ ነው፤ ጋዙ ሲያንስ ኮምፕሬሰሩ ደርቆ እንዳይነክስ፣ ተጣብቆም እንዳይቀር መስመሩን ይቆርጣል። እንግዲህ ወይ ስዊቹ ተበላሽቷል፣ ወይ ጋዙ አልቋል። ለመለየት የጋዝ መለኪያ መሰካት ነበረብኝ፤ መለኪያዬን ያዋስኩት ጎረቤቴ ግን ምሳ ወጥቷል። እኔ ደግሞ መጠበቅ አይሆንልኝም። የጣት ርዝመት ቀይ ሽቦ ቆርጬ የሚገባውንና የሚወጣውን መስመር በቀጥታ አገናኘሁ፤ ስዊቹን ዘለልኩት።

ኮምፕሬሰሩ ቀጭ ብሎ ያዘ፤ ቀዝቃዛ አየር መጣ። ሞተ የተባለው ተነሣ ብዬ ቀለድኩባቸው። እሳቸውም እየሳቁ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሽቦው ለሙከራ ስለነበር ልነቅለው እጄን ሰድጄ፣ ደስታቸውን ሳይ ተውኩት። ለአንድ መንገድ ምን ይሆናል አልኩ።

ለካ ጋዙ አንሶ ኖሯል፤ በረሃው መሃል ኮምፕሬሰሩ ነክሶ ቆመ፣ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጠሰ። የሞተሩን ውኃ የሚያዞረውም ያው ቺንጋ ስለነበር መኪናው ከዚያ ወዲያ አልሄደም። አራት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆዩ። የሚጎትታቸው ሲደርስ እህቴ በሕይወት አልነበረችም።

ከሁለት ወር በኋላ መኪናው ተጎትቶ መጣ። የእህቴ ባል ሊሸጡት ነው፤ ምን እንደነካው አይቼ እንድነግራቸው ፈለጉ። በዚህኛው ጊዜ ወደ ሌላ ሰው አልሄዱም። ከመክሳታቸው የተነሣ የሸሚዛቸው አንገት ሰፍቷቸዋል። ኮፈኑን ስከፍት ቀዩ ሽቦ እንዳስቀመጥኩት አለ።

«መጀመሪያ ላይ ጥሩ ቀዝቅዞላት ነበር» አሉ ከኋላዬ። «እግሯን ዘርግታ፣ የወንድሜን እጅ ይባርክልኝ ስትል ነበር።»

አፈርኩ፤ ፈራሁም። እውነቱ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዞር ሳልል ሽቦውን ነቀልኩና በመዳፌ ጨበጥኩት።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ።

«ስዊቹ ነው፣ ጋሼ። ተበላሽቶ ነበር።»

«ታዲያ አንተ ምን ታደርግ» አሉና ልክ እንደዚያ ቀን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሽቦው እጄ ውስጥ ነበር።