ፊንና ነፋሱ

ፊን ከነጋ ጀምሮ የኩሽናውን ጠረጴዛ ይዞራል። ወደ ግራ ብቻ። ወንበሩ ጋ ሲደርስ ይላተማል፣ ይደነግጣል፣ እንደገና ይዞራል። ኢሶቤል ቺዝሆልም ወንበሩን አላነሳችለትም። ብታነሳው ውሻው ወንበሩን እንደማያየው ማመኗ ነው፤ እሷ ደግሞ አላመነችም።

«ኧረ አንድ ቦታ ተኛ፣ አንተ የከተማ ጌታ!» አለችው።

እሷ ራሷ መቼ አንድ ቦታ ተቀመጠች! ሻዩን ቀድታ ረሳችው፣ የአጃውን ቂጣ ቆርሳ መስኮቱ ላይ ተወችው፣ በሩን ከፍታ መንገዱን አየችና ዘጋችው።

ፊን የተወለደው እዚሁ ምድጃ አጠገብ ነው። ኢንቨርነስ ከተማ ላሉ ሰዎች ተሽጦ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት መልሰው አመጡት። በመንደሯ በቶሚች፣ በውሻ አርቢዎች ዘንድ ደንቡ ይኸው ነው፤ ማሳደግ ያቃተው ሰው ውሻውን ወደ ተወለደበት ቤት ይመልሳል፣ አርቢውም በሩን አይዘጋበትም። ሰዎቹ «በር ላይ ሲደርስ ይፈራል፣ ልጃችንን እንኳ ማወቅ አቅቶታል፣ ሲዞር ያድራል» አሉ። ኢሶቤል በልቧ ሰደበቻቸው። ለአደን የተወለደ የሜዳ ውሻ ሶፋ ላይ አስተኝተው አበላሽተውት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!

የእንስሳት ሐኪሟ ግን እንዲህ አላለችም። ገና ልጅ እግር ናት፤ ትናንት በስልክ ቃል እየመረጠች ነበር የነገረቻት። «እማማ ኢሶቤል፣ በዚህ ዘር ውስጥ ከስንት አንዴ የሚወጣ በሽታ አለ። አንጎላቸው ውስጥ ቆሻሻ እየተጠራቀመ፣ ዓይናቸው ደህና ሆኖ ማየት ያቅታቸዋል። ዕድሜያቸውም አጭር ነው፣ መድኃኒት የለውም። የሚይዛቸው ደግሞ ከእናትም ከአባትም ሲወርሱት ብቻ ነው። ደሙን ልከን እንመርምር። ውጤቱ እስኪመጣ እባክዎ እናቱን ከወንድ አያገናኙብኝ።»

እናቱ ሮዋን ናት። ሮዋን ደግሞ ወንድ የምትቀበልበት ቀን ዛሬ ነው፤ ዕድሜዋ ስለገፋ ሌላ ዕድል አይኖራትም። የኢሶቤል እናት የጀመረችው የዘር ሐረግ ቀጥኖ ቀጥኖ በዚህች አንድ ውሻ ላይ ተንጠልጥሏል። አባት የሚሆነው ደግሞ የፊን አባት የነበረው ኮሪ፣ የሟች ባሏ ወንድም የቶርኪል ውሻ ነው። ፊን ከታመመ እናትም አባትም ራሳቸው ሳይታመሙ በሽታውን ተሸክመዋል፤ የሚወልዷቸው ቡችሎችም ሊወርሱት ይችላሉ። ካልታመመ ምንም የለም። ኢሶቤል ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ዕረፍት የነሳትም ይኸው ማወቋ ነበር።

የቶርኪል መኪና ግቢ ስትገባ ሮዋን ከጓዳ አለቀሰች፤ ኮሪ ከመኪናው ውስጥ መለሰላት።

«ሙሽራውን ይዤ መጣሁ!» አለ ቶርኪል። «ሙሽሪትስ ተዘጋጀች?»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ፊንን ላሳይህ።»

«ምነው፣ ምን ሆነ ደግሞ?»

«ምንም አልሆነም! ምንም አለመሆኑን ነው የማሳይህ!»

«ታዲያ ምንም ካልሆነ ምን ያስጮህሻል፣ አንቺ ሴትዮ?»

ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አጠለቀች፣ በሰጋቱራ የተሞላውን የሸራ ጥቅል አነሳች፤ ፊንን ይዘው ከቤቱ በላይ ወዳለው ሜዳ ወጡ። በዚያ አገር የውሻ ጤንነት የሚለካው በዚህ ነው። ጥቅሉ ሲወድቅ ያያል፣ ቦታውን በልቡ ይይዛል፣ ሲታዘዝ ሮጦ ያነሳዋል፣ አምጥቶ እጅ ላይ ያስረክባል።

ኢሶቤል ፊንን ፊቱን ከሜዳው ማዶ ወዳለው ሐይቅ አዙራ አስቀመጠችውና ጥቅሉን ረጅሙ ሣር ውስጥ ወረወረችው። የፊን ራስ ጥቅሉን አልተከተለም። ይህን አይታለች። ላከችው። አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ ሮጠ፣ ታጠፈ፣ ሣሩ ውስጥ ጠለቀ፣ ጥቅሉን በአፉ ይዞ ወደ ድምጿ ተመለሰ።

«አየህ? አየህ ወይ!» አለች በደስታ። «የእኔ ቤት ውሻ ነው እኮ!»

ቶርኪል አልሳቀም። «ነፋሱ ከየት ነው?»

«ምን?»

«ነፋሱ ነዋ። ከየት ነው የሚመጣው?»

ነፋሱ ከሐይቁ ነበር፤ የጥቅሉን ሽታ ተሸክሞ በቀጥታ ወደ ፊን አፍንጫ። አስባ አይደለም እዚያ ያቆመችው። ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ውሻ ያሠራች ሴት ነፋስ ሳታይ አትቆምም፤ እሷ ባታስብበት እግሯ አስቦበታል። ስለተነቃባት ተናደደች።

«አንተ ነህ ስለ ነፋስ የምታስተምረኝ? በውድድር ላይ ውሻው ዳክዬውን ትቶ የዳኛውን ቆብ ያመጣ ሰው!»

«ቆቡ ጥሩ ቆብ ነበር» አለ ቶርኪል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢሶቤል፣ ኮሪን አውርድ ካልሽኝ አወርዳለሁ። ምንም አላየሁም፣ ለማንም አልናገርም። አንቺ ያልሽው ይሁን።»

አውርደው ልትል አፏን ከፍታ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በላይ የፈለገችው ነገር አልነበረም። ግን ወዲያው ቡችሎቹ በሐሳቧ መጡባት፤ ምድጃው ሥር ተደራርበው ተኝተው፣ ከመካከላቸው የትኛው ነገ ጠረጴዛ እንደሚዞር ሳይታወቅ።

ፊንን ወደ ሜዳው ሌላኛው ጫፍ ወሰደችው። አሁን ነፋሱ ከጀርባቸው ነው። ጥቅሉን አጭሩ ሣር ላይ፣ ገላጣው መሬት ላይ ጣለችው፤ ሕፃን ልጅ የማይስተው ቦታ።

«ሂድ!»

ፊን በሙሉ ልቡ ሮጠ። ጥቅሉን ሊረግጠው ምንም ሳይቀረው አልፎት ሄደ። ቆመ። ወደ ግራ መዞር ጀመረ፤ ዞረ፣ ዞረ፣ አሁንም ዞረ። ኢሶቤል ፊሽካው ከንፈሯ ላይ ሆኖ መንፋት አቃታት። ቶርኪል ፊቱን አዞረ።

በመጨረሻ ነፋች። ፊን ባዶ አፉን መመለስ አልለመደምና ጎንበስ ብሎ ከነሥሩ የነቀለውን እርጥብ ሣር ይዞ መጣ። የሜዳው አጥር ጋ ሲደርስ በሥርዓቱ ተቀመጠ፣ አንገቱን ቀና አደረገ፣ ያመጣውንም ለማስረከብ ጠበቀ። የተቀመጠው ግን እሷ መስሎት በአጥሩ እንጨት ፊት ነበር።

ኢሶቤል ሄዳ በእንጨቱና በውሻው መካከል ቆመች። ጎንበስ ብላ ጭቃ የሚያንጠባጥበውን ሣር በሁለት እጇ ተቀበለችው።

«ጎበዝ» አለችው። «የኔ ጎበዝ።»

ከዚያ ቀና ሳትል፣ «ቶርኪል፣ ኮሪን ወደ ቤቱ ውሰደው» አለች።